የአንማው ቀን

በወይራ ወንዝ ሸለቆ ስንዴው ለአጨዳ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን የሚወስኑ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በየማሳው ራስጌ የተተከለ፣ ቁመቱ ከሰው ትንሽ የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ ዓይንና ጆሮ የተገጠመለት ግራጫ ምሰሶ ነው። ሌላው አንማው ጀምበሬ የሚባል የሰባ አራት ዓመት ሰው ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። ኅዳር ከገባ ጀምሮ በየቀኑ፣ ጤዛው ሲነሣ፣ አንማው ከቤቱ ይወጣና ሰባቱን ማሳዎች በየተራ ያዳርሳል። ከማሳው መሐል አንድ ዛላ ይቀነጥሳል፣ በመዳፉ ያሻል፣ ገለባውን እፍ ይላል፣ ከቀረው ፍሬ አንዱን በመንጋጋው ይነክሳል። ፍሬው ከላመ ገና ነው። ቀጭ ካለ ደርሷል። ከዚያ ወደ ምሰሶው ይሄድና ከሁለት ቃላት አንዱን ይናገራል፤ «ዛሬ» ወይም «ነገ»። ምሰሶው የራሱን መልስ ከአንማው ቀድሞ መዝግቦ ይዟል፤ ግን አይናገርም። ሁለቱን መልሶች የሚያስተያየው ከሸለቆው አፍ ላይ ያለው የእርሻ ማዕከል ነው።

በማዕከሉ አጠራር ምሰሶው «ተማሪ»፣ አንማው ደግሞ «የማሳ መምህር» ይባላሉ። አንማው ይህን ሹመት የሰማ ዕለት ስቋል። «ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት ሒሳብ አቅቶኝ ነው። አሁን በሸመገልሁ መምህር ሆንሁ?» ብሎ ነበር።

ተማሪው በአንድ የአጨዳ ወቅት ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ከመምህሩ ጋር ከተስማማ ትምህርቱ እንዳለቀ ይቆጠራል። መምህሩም ይሸኛል። ሽኝቱ የክብር ነው፤ ካባ አለው፣ የምስክር ወረቀት አለው፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ፎቅ ላይ ክፍል አለው። በሸለቆው ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው አያድርም። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ የማዕከሉ ኃላፊዎችም ማታ ማታ ወደ ከተማ ይመለሳሉ።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ኩታ ገጠም የሚባለው አሠራር በአባቱ ዘመን ሲጀመር ጎረቤታሞች ድንበራቸውን ሳያፈርሱ አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሰሞን ይዘሩ ነበር። ቀጥሎ ድንበሩ ፈረሰ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ሄደ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሬዲዮው ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ የተሸጋገሩትን ቤተሰቦች ብዛት ይናገራል፤ የአገሪቱ እድገት የሚለካበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ምርቱ በሦስት እጥፍ አድጓል። ስንዴ ከውጭ መለመን ቀርቶ ወደ ውጭ መላክ ከተጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። አንማው ይህን አይክድም። አንዲት እህቱ በሕፃንነቷ በክፉ ዘመን ሞታበታለች፤ እንዲህ ያለ ሞት እንደቀረ ያውቃል። በሁለት ሺህ ስድሳ ሰባት ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን በሸለቆው ውስጥ ጭስ የሚወጣበት ቤት የእሱ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ አሥራ አንድ መምህራን ነበሩ። አሥሩ አንድ በአንድ ተሸኙ። የአንማው ተማሪ ብቻ ዘጠና አንድ ላይ ቆመ።

ምክንያቱም አንማው ይዋሽ ነበር።

ውሸቱን መርጦ ነው የዋሸው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሰባቱም ማሳ ምሰሶዎች የሚማረው አንዱ ተማሪ ዘጠና አራት ላይ መድረሱን ሲነግሩት፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አስቦበታል። በዘር ጊዜ አይዋሽም፤ በዘር ጊዜ የሚዋሽ ሰው የልጁን ጉሮሮ ነው የሚዘጋው። የአጨዳ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ኅዳር ላይ ሰማዩ እንደ ተወጠረ ቆዳ ደረቅ ነው። የደረሰ ስንዴ አንድ ቀን ቢቆም ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ስለዚህ ከሰባቱ ማሳ በሁለቱ ላይ ፍሬው በጥርሱ ቀጭ እያለ «ነገ» አለ። በማግሥቱ ኮምባይነሩ መጥቶ አጨደው። አንዲት ፍሬ አልጠፋችም። ተማሪው ግን ተሳሳተ ተባለ፤ ዘጠና አንድ ላይ ወረደ፤ አንማው ከቤቱ ከረመ።

ሚስቱ ጥሩዓለም ከጉብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀብራለች። ሰው «ለእሷ ብለህ ነው የቆየኸው?» ቢለው ግን «እሷስ የትም ብሆን ታገኘኛለች» ይል ነበር። የቆየበት ምክንያት ከዚያ ያነሰ ነው። ጠዋት ሲነቃ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ማሳዎቹንም በስማቸው የሚጠራቸው እሱ ብቻ ነው፤ እንዶድ በር፣ ሰንበሌጥ፣ ቀይ አፈር፣ ዋንዛው ሥር። ማዕከሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ነው የሚጠራቸው። ስም የሚጠራቸው ሰው ሲሄድ ስማቸውም አብሮ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ስምምነቱ ዘጠና ሦስት ሆነ። አንማው የውሸቱ መጠን ያነሰ መሰለው። ዘንድሮ ሰባቱንም ማሳ፣ በደረሱ ቁጥር፣ በአንድ ቀን ማዘግየት ጀመረ።

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ ሐሙስ፣ ሶልያና ይርሳው መጣች። የማዕከሉ ተቆጣጣሪ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በየሐሙሱ በባለሦስት እግር መኪናዋ ትመጣና ምሰሶዎቹን ታያለች፣ ለአንማው ስኳርና ጋዜጣ ታመጣለታለች። አባቷ ይርሳው በማዶው ሸለቆ የማሳ መምህር ነበር።

«አያ አንማው፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። አንቺስ፣ የይርሳው ልጅ? ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለህ ልትይኝ መጣሽ?»

«ዛሬስ የሞላ ነገር ነው ይዤ የመጣሁ» አለች። ፊቷ ግን የምሥራች ይዞ የመጣ ሰው ፊት አልነበረም።

አንማው እንዶድ በር ማሳ ጫፍ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰባቱን ምሰሶዎች ጨርሶ መምጣቱ ነው። ለሰባቱም «ነገ» ብሏቸዋል።

«ምን ሞላ?»

«ስምምነቱ። ዘጠና ሰባት ገባ።»

«የማንና የማን?»

«የእርስዎና የተማሪው ነዋ።»

«ተሳስታችኋል።»

«ሦስት ጊዜ አየሁት፣ አያ አንማው።»

አንማው መሬት መሬቱን አየ። በመዳፉ ላይ የቀሩ ሁለት ፍሬዎች ነበሩ፤ በአውራ ጣቱ ያንከባልላቸው ጀመር። «ዛሬ ጠዋት ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሶልያና ይህን ከምሽት በፊት መናገር አይፈቀድላትም። ዞር ብላ ምሰሶውን አየችው። «ሰባቱንም ነገ» አለች።

«ፍሬው እኮ ቀጭ ይላል።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ሲነክሱት እሰማለሁ። ጆሮ አለኝ እኮ። አራት ዓመት ሙሉ ቀጭ ሲል እሰማለሁ፣ ከዚያ ‹ነገ› ሲሉ እሰማለሁ።»

አንማው ቀና ብሎ አያት። ሊቆጣም ሊያፍርም ያልቻለ ሰው ይመስል ነበር። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ሶልያና የባለሦስት እግሯን በር ከፍታ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። «አባቴ አንድ ቀን አልዋሸም» አለች። «በሁለት ዓመት ጨረሰ። ካባ አለበሱት፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጡት። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ይወጣና እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ ነፋሱን ይይዛል። ‹ምን ይላል አባዬ?› ስለው ‹እኔን ማን ጠየቀኝና› ይለኝ ነበር። ሦስተኛ ዓመቱን አልደፈነም። ምናለ ቢዋሽ ኖሮ እል ነበር።» ጨመረችና «ለዚህ ነው እርስዎን ዝም ያልኩ።»

አንማው ነገሩ ቀስ እያለ ይገባው ነበር። ተማሪው አልተሳሳተም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው መድረቁን አይቶ «ዛሬ» አለ፤ መምህሩ ግን «ነገ» አለው። መምህር ደግሞ አይሳሳትም። እንግዲህ መምህሩ የሚያውቀው፣ ተማሪው ገና ያልደረሰበት አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ተማሪው ያንን ነገር በትዕግሥት ፈለገው። አራት ዓመት ፈልጎ አገኘው። ስንዴ ሲደርስ አንድ ቀን ይጠበቃል።

«ውሸቴን ተማረው» አለ አንማው። ለራሱ ነበር የተናገረው።

በዚያን ጊዜ ነፋሱ ዞረ።

ሶልያና አላስተዋለችውም። አንማው ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ጮቄ ተራራ አየ። ከተራራው ትከሻ ላይ፣ ጠዋት ያልነበረ፣ ግርጌው የጠቆረ ደመና ተጋድሟል። የሽታ ለውጥም ነበረ፤ እርጥብ አመድ የሚመስል። ብድግ አለ።

«ኮምባይነሩ የት ነው?»

«ወደ ቆላው ወርዷል። ሁለታችሁም ነገ ስላላችሁ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣ።»

«ጥሪው። ዛሬ ይታጨድ።»

«እኔ መጥራት አልችልም። መልሱን እርስዎ መለወጥ አለብዎ፤ ለተማሪው።»

አንማው ወደ ምሰሶው ሮጠ ማለት ይቻላል። በሰባ አራት ዓመት እንደሚሮጠው ነው የሮጠው። ፊት ለፊቱ ቆሞ «ዛሬ» አለ።

ምሰሶው ዓይኑን ወደ አንማው አዞረ። ከዚያ ተናገረ። ሶልያና ተማሪው ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር። ድምፁ የአንማው ድምፅ ነበር፤ የፊት ጥርሱ ከመውለቁ በፊት የነበረው።

«የጠዋቱ መልስ የተለወጠበትን ምክንያት ይናገሩ።»

«ዋሽቼ ነው» አለ አንማው። «ስንዴው ዛሬ ጠዋት ደርሷል። አውቄ ነው ነገ ያልኩህ። ከዚህ እንዳትነቅሉኝ ብዬ ነው። እነሆ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ጥራው!»

«ባለፉት አራት ዓመታት ደመና በታየባቸው አሥራ አንድ የአጨዳ ቀናት መምህሩ ‹ነገ› ብለዋል» አለ ምሰሶው። «በአሥራ አንዱም ቀን አልዘነበም። መልሱ ነገ ነው።»

አንማው እጁን ምሰሶው ላይ አሳረፈ። በቁጣ አልነበረም፤ የከብቱን ጀርባ እንደሚነካ ገበሬ ነበር የነካው። «ጎበዝ ተማሪ» አለ። «አንዲት እንኳ አላስቀረህም።»

ሶልያና ወደ ማዕከሉ ደወለች። የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። ሌላው ሰው በትሕትና አነጋገራት፤ ተማሪው ጥርጣሬ ካላሳየ ኮምባይነር ከቆላው እንደማይነሣ፣ ቆላው ላይም ሰሊጥ እየታጨደ እንደሆነ፣ አቤቱታዋ ግን መመዝገቡን ነገራት።

በቀድሞው ጊዜ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲያሰጋ አንድ ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራ ነበር። ጥሪውን የሰማ የያዘውን ጥሎ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። የተጣላም ይመጣል፤ በድንበር የተካሰሰም ይመጣል፤ እህል ሊበላሽ ሲል ቂም አይያዝም። በአንድ ከሰዓት አንድ ማሳ ታጭዶ፣ ነዶ ታስሮ፣ ተከምሮ፣ ክምሩ በሣር ይደፈናል። ዝናቡ ሲመጣ ሰዉ ከክምሩ ሥር ተጠልሎ ይሳሳቃል። አንማው በወጣትነቱ ሚስቱን ያያት እንደዚያ ባለ ቀን ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጉብታ ላይ ወጣ። ሶልያና ተከተለችው።

«የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። «የማጭድ ያለህ! ኧረ ያገር ያለህ!»

ድምፁ ሸለቆውን ዞሮ ከማዶው ገደል ተመለሰ። ከታች ከሰባቱ ምሰሶዎች ሁለቱ ዓይናቸውን ወደ ጉብታው አዞሩ። ሌላ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ዘወር ብሎ ሶልያናን አያት። እሷ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ጠሩኝ አይደል እንዴ?» አለች። «ማጭድ ያለዎት እንደሆነ።»

ሁለት ማጭድ ነበረው። አንዱ የጥሩዓለም ነው፤ ከሞተች ጀምሮ ከግድግዳው አልወረደም። ከእንዶድ በር ማሳ ጫፍ ጀመሩ። አምስት ሰዓት ገደማ ነበር።

«ዝቅ በይ፤ ከሥሩ» ይላታል። «አትከትክቺው። ሳቢው። ማጭድ ይስባል እንጂ አይመታም።»

«እሺ።»

«አባትሽ ማጭድ አላስያዘሽም?»

«ተማሪ ቤት ሂዱ አሉን፤ ሄድን።»

«ነዶ ማሰር የማያስተምር ተማሪ ቤት ምን ይባላል!»

«ዲግሪዬ በእህል ጥራት ነው፣ አያ አንማው።»

«እንግዲያ ጥራቱን እሰሪው፤ እየተበተነብሽ ነው።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ጣቷን ማጭዱ ቆርጧት ስለነበር መሃረቧን ጠምጥማበታለች። ደመናው የተራራውን ግማሽ በልቶ ወረደ። አንማው ፍጥነቱ እንደ ሽማግሌ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወገቡን ይዞ ቆመ፣ የማሳውን ስፋት በዓይኑ ለካ፣ አንገቱን ነቀነቀና ተመለሰ። ማሳው ስልሳ ሄክታር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች ሲወርዱ አሥራ ዘጠኝ ነዶ አስረው ነበር። አንማው ነዶዎቹን ዛላቸውን ወደ ውስጥ፣ የተቆረጠ ግርጌያቸውን ወደ ውጭ አድርጎ ከመራቸው፤ አናቱን በሣር ደፍኖ አሾለው። ቁመቱ ከሶልያና ወገብ አይበልጥም። ቆም ብሎ ዞረው፤ አንድ ነዶ አስተካከለ።

«ለዚህች?» አለች ሶልያና፤ ዝናቡ ፀጉሯን አጥቦ ይወርዳል።

«ክምር ክምር ነው» አላት።

አምስት ቀን ዘነበ። ሌት ተቀን የሚዘንብ፣ ነፋስ የሌለው፣ ልብ ያለው ዝናብ ነበር። በስድስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች፤ ከሩቅ ለሚያየው ሸለቆው ያማረ ነበር። ስንዴው በቆመበት አረንጓዴ ለብሷል። አንማው ወደ እንዶድ በር ወርዶ አንድ ዛላ ቀነጠሰ። ከእያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ሥርና አረንጓዴ ጫፍ ወጥቷል። ብቅል ሆኗል። ወደ ክምሯ ሄዶ እጁን ወደ መሐሏ ሰደደ። ውስጡ ደረቅ ነበር። አንድ ፍሬ ነከሰ። ቀጭ አለ።

ምሰሶው ጋ ሄዶ ቆመ። መዋሸቱ ከእንግዲህ ጥቅምም ጉዳትም ስላልነበረው እውነቱን ተናገረ። «ዛሬ» አለ። ተማሪውም ዛሬ ብሎ ነበር።

ኮምባይነሩ መጥቶ ያለ ችግር አጨደ። ክምሯን ባዕድ ነገር ብሎ መዝግቦ ወደ ቦዩ ገፋት።

የሽኝቱ በዓል ታኅሣሥ አጋማሽ ተደረገ። ካባው ትንሽ ረዝሞበት ነበር። የማዕከሉ ምክትል ኃላፊ ባሰሙት ንግግር እርሻ የአገር እድገት መሠረት መሆኑን፣ መሠረት ደግሞ ከመሬት በታች ስለሚሆን የማይታይ መሆኑን ተናገሩ። ሰው አጨበጨበ። ቀጥሎም አንድ ያልተጠበቀ የምሥራች እንዳለ አስታወቁ። የደረሰን ስንዴ አንድ ቀን አቆይቶ ማጨድ በአራት ዓመት ሲታይ የማድረቂያ ነዳጅ በእጅጉ እንደቆጠበ ማዕከሉ ደርሶበታል፤ ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በሦስት መቶ አርባ ሸለቆዎች ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ይህንኑ ቀን ይጠብቃሉ። አሠራሩም ለመምህሩ መታሰቢያ «የአንማው ቀን» ተብሎ ተሰይሟል።

አንማው ከመቀመጫው ተነሥቶ «ውሸት ነው እኮ» አለ። ድምፅ ማጉያው ከእሱ ራቅ ብሎ ስለነበር የሰማችው አጠገቡ የተቀመጠችው ሶልያና ብቻ ናት። የተቀሩት ለምስጋና የተነሣ መስሏቸው እንደገና አጨበጨቡለት።

ሶልያና ለማዕከሉ ጽፋ ነበር፤ የራሷንም ዝምታ ሳትደብቅ። መልሱን ይዛለት የመጣችው ጥር ላይ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ለብቻው እንዳይኖር ብላ ከተሰጠው ክፍል ወደ ራሷ ባመጣችው በልጁ በዝናሽ ቤት ነው። ሦስት መሥመር ነበር። የመምህሩ መልስ የተሰጠው በማናቸውም ምክንያት ይሁን ውጤቱ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ የኅዳሩ ዝናብ በአርባ ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነው፤ በሚዛን ሲታይም የዘንድሮው ምርት አልቀነሰም። ስለዚህ ስህተት አልተፈጸመም።

«አልተፈጸመም?» አለ አንማው።

«እንደሱ ነው የሚለው።»

«አንቺንስ?»

«ወደ ሌላ ሸለቆ ቀይረውኛል። እድገት ነው አሉኝ።» የቆሰለችበት ጣት ላይ ቀጭን ጠባሳ ቀርቶባታል፤ በሌላው ጣቷ ታሸው ነበር።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ዝናሽ የፓስታ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ፋብሪካው ጥሩ ነው፣ ደመወዟም ደህና ነው። አባቷ ምን ልሥራ እያለ ቢያስቸግራት ዳቦ የመግዛቱን ሥራ ሰጠችው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ ምድር ቤት ካለው ዳቦ ቤት ሁለት ዳቦ ገዝቶ ይወጣል። አሳንሰሩን አይወደውም፤ በደረጃው ነው።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ዝናሽ ዳቦውን ስትቆርጥ ቢላዋው ተያዘባት። አውጥታ አየችው፤ ጫፉ ላይ እንደ ሙጫ ተለጥፏል።

«ይኼው፣ እዚህም ደረሰ» አለች። «እኛ ፋብሪካ መጥቶ መለስነው። ፓስታው በውኃ ውስጥ ይፈርሳል። ጥሩ ጥሩው ወደ ውጭ ተልኮ ይኼ ለዳቦ ቤቶች ተከፋፈለ አሉ። ብቅል ብቅል ይላል እኮ! አሽትተኸዋል አባዬ?»

አንማው ቁራሹን አነሣ። አላሸተተውም። ነከሰው። ጥርሱ ላይ ተጣበቀ፤ ቀጥሎ ያ ጣፋጭ፣ ልብ የሚይዝ የብቅል ጣዕም መጣ።

«ከእንዶድ በር ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ወይ ከቀይ አፈር። ያው ነው።»

ዝናሽ አባቷን አየችው፤ ከዚያ ሰዓቷን አየች። ለሥራ ዘግይታ ነበር። «ተወው አባዬ፣ ሆድህን ይነፋሃል። እጥለዋለሁ፤ ከሌላ ቦታ እንገዛለን» ብላ እጇን ዘረጋች።

«እህል አይጣልም» አለ። ሰሐኑን ወደ ራሱ ሳበ።

ሄደች። አንማው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አንዱን ዳቦ በሙሉ በላ። ቀስ ብሎ ነበር የሚያላምጠው። ሬዲዮው የግማሽ ዓመቱን የእድገት ቁጥር እየተናገረ ነበር፤ ግብርናው የሚጠበቅበትን ድርሻ አሟልቷል። ሰሐኑ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በእርጥብ ጣቱ ለቀመ።

በማግሥቱ ጠዋት ወረደ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሴቶች ዳቦውን እያገላበጡ ያማርራሉ። አንደኛዋ ልጆቿ ግን ጣፍጧቸው እንደበሉት ተናገረች። ሻጯ ደንበኞቿ እየሸሹባት ስለሆነ አንማውን ስታይ ደስ አላት።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ አልሸሹንም! ያው እንደትናንቱ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ። ሁለት?»

«ሁለት።»

ጠቅልላ ሰጠችው። «ነገም ላስቀምጥልዎ?»

አንማው ዳቦዎቹን በብብቱ ይዞ ቆመ። ያቺ ቃል ስትጠራ ትከሻው ትንሽ እንደ መሸማቀቅ አለ። ሻጯ ያልሰማት መስሏት ደግማ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት መለሰ።

«አስቀምጪልኝ» አለ። «ይኼ ስንዴ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ አስቀምጪልኝ።»

«ወይ አባባ! ይኼማ እስከ ሐምሌ አያልቅም አሉ እኮ።»

«ይሁን» አለና ወደ ደረጃው ዞረ።